ሁላችንም በባቡር እንመጣለን

ፉሪ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊቤ ዲሪባ፣ ድሬዳዋ

አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ይጮኻል እንጂ የሚሰማው የለም። ያለሽበትን ምድር ሰላም ያድርግልሽ፣ በሆድሽ ያለውን በሰላም ያውጣልሽ፣ ክፉሽን የሚመኝ አፉ ይያዝልኝ። አሜን በይ።

አዎ፣ ሰምቻለሁ። ካንቺ መስማት ሲገባኝ ከመንደር ሰማሁት። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝና ሁለቱንም አደረግኩ።

ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ባለፈው ስትደውዪ ወንድሜ፣ አባትሽ፣ ከእጄ መንጭቆ ያን ሁሉ ከተናገረሽ ወዲህ ስልክ ለእኔና ላንቺ የለቅሶ ዕቃ ሆነ። አንቺ «አዳዳ፣ አክስቴ» ትያለሽ፣ እኔ «ልጄ» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም መነፋረቅ። አንድ ነገር ሳንቋጭ ይዘጋል። ወረቀት ላይ እያለቀስኩም ቢሆን እጨርሳለሁ። ይህን የሚያደርስልሽ ጎረቤቴ ገብረየስ ነው፣ ወደ ድሬ ሲሚንቶ የሚጭነው ሹፌር። መልሱንም ለእሱ ስጪው። መኪናው ካልተበላሸ ቶሎ ይመለሳል፤ መኪናው ግን ይበላሻል።

አሁን ወደ ነገሬ። እናትሽ ገና ጡት ሳትጥዪ ነው ያረፈችው፣ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የምናገረው እኔ ነኝ። እኛ ጋ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ወገኖቿ ቅቤ ይዘው ሄደው የአራስ ገንፎዋን አብረዋት ካልበሉ «ሰው የላትም» ትባላለች። አንቺ ሰው አለሽ። ከማን ጋር ሄደሽ፣ ማንን አገባሽ፣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው የሚለው ሌላ ወሬ ነው። ገንፎሽን እንበላለን። ሁላችንም እንመጣለን። በባቡር እንመጣለን።

ሳቅሽ አይደል? ሳቂ። ሐዲዱ የአባቴን ማሳ አቋርጦ ካለፈ ጀምሮ ያ ባቡር በደጄ እየጮኸ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ጎመን እየቀነጠስኩ አየዋለሁ። አንድ ቀን ቀና ብዬ «ቆይ ብቻ!» ብዬዋለሁ። መስኮት ዳር እቀመጣለሁ። ከዘመዶቼ ጋር ፊት ለፊት ተያይተን፣ ምሳችንን መሀል ላይ ዘርግተን፣ አገሩ እየሸኘን እንሄዳለን። አውቶቡስ ውስጥ የማየው የሰው ማጅራት ነው። ባቡር ማለት ቤትሽን ከነሰዉ ይዘሽ መሄድ ነው፣ እንደዚያ ነው የምሰማው።

መቼ እንደምትወልጂ ጻፊልኝ። ዋቀዮ ይጠብቅሽ።

አዳዳሽ ጠጅቱ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎ አዳዳዬ

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። ለጉልበትዎ ምሕረት ያውርድልዎ። እኔም ባለቤቴ ሱሩርም ደህና ነን። እግሬ አብጧል፣ ሙቀቱ ግን ለድሬ ሰው «ብርድ» የሚባለው ነው፤ አማቴ ጋቢ ደርባ ስትቀመጥ እኔ ማራገቢያ ይዤም በሙቀት እሞታለሁ።

ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም አለቀስኩ፣ አይቆጡኝ። ግን አዳዳ፣ በባቡር አይምጡብኝ። እኔ እኮ በእሱ ነው ከቤት የወጣሁት። እንደ እርስዎ ነበር የማስበው፣ መስኮት ዳር፣ ፍቅር፣ ምን የሌለ ነገር! መስኮቱ አይከፈትም። አዋሽን ሲያልፉ ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ጭን ላይ ትቀመጣለች። ግመል ሐዲድ ላይ ከቆመ ባቡሩም ይቆማል፣ ግመል ደግሞ የሚቸኩልበት ነገር የለውም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ቤተሰብ ነበር። ሲነሱ እየሳቁ፣ አንዱ ለአንዱ እያጎረሰ። ልጆቹ አስታወኩ፣ የመጸዳጃው ሰልፍ አላልቅ አለ፣ መኢሶ ስንደርስ ባልና ሚስት አይነጋገሩም። ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ከወረዱ በኋላ ሌላ ጉዞ አለ።

እኔ ያን ቀን ፉሪን ስናልፍ ቤትዎን ፈለግኩት። ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ሱሩር ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ፣ ይዤው ድሬ ገባሁ።

ስለዚህ ሱሩር ለእርስዎ የአውሮፕላን ትኬት ይልካል። ለምሳ ሳይርብዎ ይደርሳሉ። የምወልደው ጥር መጨረሻ ነው ብለውኛል።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። አማቴ ሰው ፊት «ለገንፎው ካንቺ ወገን ማን ይመጣል?» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ድስት ልታሰላ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። «ሁሉም ይመጣሉ!» አልኳት። አፌ አመለጠኝ።

አባዬስ? የላከው ቃል አለ?

ልጅዎ ሊቤ


ፉሪ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊቤ

እንኳን ለገና በሰላም አደረሰሽ። እግርሽን ከፍ አድርጊና ተቀመጪ፣ ያማትሽን ጋቢ ተዪና ውሃ ጠጪ። ሱሩርን ስለ ብርቱካኑ ገለቶሚ በዪልኝ፣ አመስግናሃለች በዪው።

ስለ አውሮፕላኑ ግን አትድገሚው! እኔን ብቻዬን አየር ላይ ሰቅለሽ ልታመጪኝ? ብቻዬን ከመጣሁማ ሾልኬ መጣሁ ማለት ነው። ያማትሽ ጎረቤቶች «አንዲት አሮጊት አክስት አለቻት» ይላሉ። እኔ የምፈልገው በር ላይ ቆመው ቆጥረው እንዲደክማቸው ነው። አውሮፕላን አንድ ሰው ያመጣል፣ ባቡር ዘመድ ያመጣል። አንቺ ደግሞ «ሁሉም ይመጣሉ» ብለሻል፣ ስለዚህ ሁሉም ይመጣሉ። አፍሽ አላመለጠሽም፣ ደግ አድርገሻል።

አጎትሽ ቦጂያ ከሱሉልታ ይመጣል። ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ብሏል፣ ቅቤውም ከእሱ ነው፣ ለጋ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። የክርስትና እናትሽ ወይዘሮ ስንዱ ሱቋን ዘግታ ትመጣለች። ወንድምሽ ኢብሳ ቡራዩ ካለው ሥራው ፈቃድ ጠይቋል፣ ባይሰጡትም ይመጣል። የቦጂያ ልጆችም አሉ። እናስታውካለን? እናስታውክ። ግመል ይቁም? ግመሉን እናያለን። ሰው ካልተቸገረ ምኑን ሄደ ይባላል?

ደግሞ ሰዉ ሁሉ እየመጣ «እስላም ቤት ሄዳችሁ ምን ልትበሉ ነው?» ይለኛል። የእኛ ሰው እነሱ ያረዱትን አይበላ፣ እነሱም የእኛን አይበሉ፣ ይህን ማን ያጣዋል! ገንፎ ግን ማን አረደው? ዱቄት ነው፣ ውሃ ነው፣ ቅቤ ነው። ገንፎ ላይ የማን ቢላዋ አረፈ? አንድ ገበታ ከበን ከአንድ ሳህን እንበላለን፣ ያልወደደ ዓይኑን ይጨፍን። ዘንድሮ ጾሙ የሚገባው መጋቢት መጀመሪያ ነው፣ ከዚያ በፊት ውለጂልን እንጂ በዘይት ገንፎ አላስተዛዝንሽም።

ደህና ሁኚ። ሌላ ወሬ የለም።

አዳዳሽ ጠጅቱ


ድሬዳዋ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ

እልል ይበሉ! ሴት ናት። ሱሩር ለኢብሳ ደውሎ እንደነገራችሁ አውቃለሁ፣ ግን በእጄም ልጻፈው ብዬ ነው። ስሟን ኬና አልናት። «ስጦታ» ነው፣ ሱሩር ከእኔ ቋንቋ ይሁን አለ፣ እናቱም መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የማይጣላው ስም ነው ብላ ወደደችው።

ተኝቼ ስለምጽፍ ፊደሌን ይቅር ይበሉ። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛው ቅቤው። አዳዳ፣ እባክዎ አንጥራችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አምጡት! እዚህ ቅቤ ውሃ ነው። እናንተ ጋ በኮባ ተጠቅልሎ ሳምንት እንደሚቀመጠው እንዳይመስላችሁ፣ ከአዋሽ አያልፍም።

ሁለተኛው አባዬ። ሁለት ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ የሚመጡትን ሁሉ ዘረዘሩ፣ የቦጂያን ላሞች ሳይቀር አነሱ። ስለ አባዬ ጠይቄዎት «ሌላ ወሬ የለም» ብለው ዘጉት። እኔ ሕፃን አይደለሁም፣ ሕፃን ወልጃለሁ። ይመጣል ወይስ አይመጣም? እምቢ ካለ እምቢ ብሏል ይበሉኝ። ሰው በመጣ ቁጥር በር በር እያየሁ ልጄን አላጠባም።

ሊቤ


ፉሪ፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊቤ፣ ለኬናም

በሰላም ገብተናል። የኬናን ጭንቅላት ያሸተትኩት አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ ሌላ ነገር አላሸትም ብያለሁ። ያንን ቤት ፈጣሪ ያስፋው፣ አማትሽን ዕድሜዋን ያርዝመው፣ እንደዚያ የሰው አያያዝ አይቼ አላውቅም።

የጥር ወር ደብዳቤሽን ገብረየስ የሰጠኝ ከባቡር ወርጄ ሻንጣዬን ሳላሳርፍ ነው። መኪናው መተሐራ ላይ ተበላሽቶ ከርሞ ነበር፣ እኛ በባቡር በአጠገቡ አልፈን ሄደን ተመልሰናል። «አንጥራችሁ አምጡት» የሚለውን በር ላይ ቆሜ አነበብኩና ገብረየስን በጥፊ ልለው ምን ቀረኝ!

እዚያ እያለሁ በሰው ፊት ያልነገርኩሽን አሁን ልጻፍልሽ። አባትሽ ጉንፋን ይዞት ቀረ ያልኩሽ ውሸት ነው። ጉንፋን አልያዘውም፣ እንደ በሬ ነው። በሁለቱ ደብዳቤ ዝም ያልኩሽም እስከ መጨረሻዋ ቀን እመልሰዋለሁ ብዬ ስለታገልኩ ነው። ሁለቴ ሄጄ ለመንኩት፣ ሽማግሌም ላክሁበት። እምቢ አለ።

የተነሳንበት ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ዱላውን ይዞ፣ ካፖርቱን ለብሶ። ጥሎብኝ ደስ አለኝ፣ ሊሄድ መጣ ብዬ! እሱ ግን ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቀና፣ «ይህን ባቡር የተሳፈረ ቀብሬ ላይ እንዳይቆም!» አለ። ሁላችንን እያንዳንዳችንን በስማችን ጠርቶ። መንገደኛው ሻንጣውን አቁሞ ያየናል። ቦጂያ የቅቤውን ዘንቢል መሬት አስቀመጠ። አባትሽ ታላቅ ወንድሙ ነዋ። «እታለም፣ እኔ ልመለስ መሰለኝ» አለኝ በጆሮዬ።

ደሜ ፈላ። «ዲሪባ፣ አንተ ገና አልሞትክም፣ እሷ ግን ወልዳለች! ቀብርህ ሲደርስ እንነጋገራለን፣ የአራስ ገንፎ ግን አይቆይም!» አልኩት። እንዲህ ጮኼበት አላውቅም።

ቀድማ የገባችው ስንዱ ናት። ነጠላዋን አስተካክላ ፊቱ ቆመች። «ኦቦ ዲሪባ፣ ይህቺን ልጅ ክርስትና ያነሳሁ ቀን አደራ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አደራዬን ልጠይቅ ነው የምሄደው፣ ይለፉኝ» ብላ ገባች። ኢብሳ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው፣ አንድ ቃል ሳይናገር አለፈ። ከዚያ ቦጂያ ዘንቢሉን አነሳ። ከኋላችን ሲጮህ ሰማሁት፣ ዞር አላልኩም። ዞር ብል እመለስ ነበር።

ባቡሩ ተነሳ። አዳማ ድረስ ለቅሶ ቤት ነበር የምንመስለው። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ የቦጂያ ትንሹ አስታወከ፣ ወንበሩ ወገቤን ሰበረው። እኔ ግን መስኮቱ ዳር ነበርኩ! መሬቱ ቀለሙ ሲለወጥ፣ ዛፉ ሲያጥር፣ ምድረ በዳው ሲከፈት አየሁ። ይህን ሳላይ ልሞት ነበር እንዴ አልኩ።

አዋሽን እንዳለፍን ቦጂያ «ዝናብ ነው?» አለ። ምን ዝናብ! ቅቤው ከላይ መደርደሪያው ላይ ነው፣ በኮባ እንደተጠቀለለ፣ ሱሉልታ እንደሚቀመጠው። ለሠርግ ያሰፋው ኮት ላይ፣ ከአናቱ ጀምሮ፣ ወርዶ ወርዶ። እኛ ቅቤ ሲቀልጥ ያየነው እሳት ላይ ነዋ፣ መንገድ ላይ ማን ያውቃል? ስንዱ በውሃ ፕላስቲክ ልትቀበል ተንጠላጠለች፣ ኢብሳ ከላይ ዘንቢሉን ሲያጋድል እኔን አጠመቀኝ። ጎረቤታችን የነበረች ሱማሌ ሴትዮ ሻሽዋን አውልቃ ልታብስልን መጣችና ሳቅ ገደላት። ከዚያ ቦጂያም ሳቀ። ከፉሪ ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ነው የወጣው፣ እየሳቅን አለቀስን።

ለዚህ ነው እንደዚያ ሆነን የገባነው። አማትሽ ከላይ እስከ ታች አየችንና «የሊቤ ሰዎች ቅቤ ይዘው ይመጣሉ ሲባል ሰማሁ፣ ለብሰውት መጡ እንጂ!» ያለችውን እስክሞት አልረሳውም። የራሷን ቅቤ አውጥታ ገንፎውን አገነፋች፣ ሁላችንም ከአንዱ ሳህን በላን። ከዚያ በላይ ምን ልበል።

ተመልሰን ስንመጣ አባትሽ ለኢብሳ በሩን ቆልፎበት ነበር። ኢብሳ ቡራዩ ጓደኛው ጋ ገባ። አሁን ያ ሁሉ ግቢ ውስጥ ብቻውን ነው ያለው፣ ዱላውና እሱ።

ትናንት መጣ። አልተቀመጠም። «ጻፊላት» አለኝ። እንደተናገረው ልጽፈው ቃል ስለገባሁ ይኸው፦ «ልጅቷን ይዛ ትምጣ። ብቻዋን። ልጅቷ እዚህ ክርስትና ትነሳና ይቅር እላታለሁ። ሰውየው ግን ደጄን እንዳይረግጥ።»

አድርሻለሁ። የራሴን አስተያየት አልጽፍም፣ ስሳደብ ፊደሌ ይበላሻል።

አዳዳሽ ጠጅቱ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዘንድሮ የእኛም የእነሱም ጾም በአንድ ቀን ገብቶ ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነበር፣ እኔ ብቻ አራስ ነኝ ተብዬ በሁለቱም በኩል ስበላ ከረምኩ። ኬና ወፍራለች። ሱሩር ሥራ ሲሄድ ታለቅሳለች፣ ሲመጣ ትስቃለች።

መልሴን ለአባዬ ያንብቡለት። እንደተናገረው እንደጻፉልኝ፣ እንደጻፍኩት ያንብቡለት።

አባዬ፣ እንዴት ነህ? ናፍቀኸኛል። በየቀኑ ትናፍቀኛለህ፣ ይህን መካድ አልችልም። ግን ይቅርታህን አልፈልገውም፣ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር አላደረግኩም። አገባሁ። ወለድኩ። እምነቴን ማንም አልነካብኝም፣ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። የልጄን ሃይማኖት በር መክፈያ አድርጌ አልሰጥህም፣ ለአማቴም አልሰጠሁም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ኬና አባት አላት። አባቷን ጥላ የምትገባበት ቤት ለእሷ ቤት አይደለም። አንተ ያሳደግከኝ ልጅ ባሏን ጣቢያ ላይ ጥላ ብትመጣ አንተም አትወዳትም ነበር።

ግንቦት 17 ቅዳሜ ከፋሲካ በኋላ ሦስታችንም እንመጣለን። አዳዳ ቤት እናርፋለን። ሦስታችንን ካልፈለግክ ማናችንንም አታገኝም። በበሩ ቆመህ ብትጮህም ልጄን ታቅፌ በአጠገብህ አልፋለሁ። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፣ ግን አልሰርዘውም።

አዳዳ፣ ሱሩር አውቶቡስ ይሻላል ብሎ ነበር። እምቢ አልኩት። በባቡር ነው የምንመጣው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን።

ሊቤ


ፉሪ፣ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊቤ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ሱሩርንም እንኳን ለኢዱ አደረሰህ በዪልኝ። ኬናን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ፋሲካን ቦጂያ ጋ ሱሉልታ ዋልን። አባትሽም መጣ፣ ባዶ ቤት ማን ይፈስካል? ከበላን በኋላ ደብዳቤሽን አወጣሁ። «ለብቻዬ ስጪኝ» አለ። «በሰው ፊት የተሳደበ በሰው ፊት ይሰማል» አልኩትና አነበብኩት። «ናፍቀኸኛል» የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ለስንዱ ሰጠኋት፣ እሷ ጨረሰችው። አባትሽ ካፖርቱን አነሳና ወጣ። ማንም አልተከተለውም፣ ከዚህ በፊት ሁልጊዜ አንድ ሰው ይከተለው ነበር።

ዛሬ ጠዋት በሬን አንኳኳ። ጎመኔ መሀል ቆሞ ሐዲዱን ያያል። «ልጅቷ ማንን ትመስላለች?» አለኝ። «አንተን» ብዬ ላስደስተው እችል ነበር። «ሱሩርን ቁርጥ!» አልኩት። ዱላውን ተደግፎ ጎንበስ አለ። ሽማግሌ ሆኗል፣ ሊቤ። አሳዘነኝ፣ ግን አላሳየሁትም።

ከዚያ፣ «ባቡሩ በዚያ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አለኝ።

አውቀዋለሁ፣ ኢብሳ ጠይቆ ነግሮኛል። አልነገርኩትም። ጣቢያውን ያውቀዋል፣ ከማለዳ ጀምሮ ቆሞ ይጠብቃችሁ።

አዳዳሽ ጠጅቱ